አሥር ደቂቃ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ አንገቱ ላይ ያለው
ቆርቆሮ ሲንቃጨል፣ ዱቢ እያከከ ነው።
ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሰዓት ነቅቼ
ዳቦ ስጋግር ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼ
ተኛሁ ስል ደግሞ ውሻ ቀሰቀሰኝ።
«ተው» አልኩት በጨለማ፤ በጅራቱ መለሰልኝ፣
ትንሽ ቆም አለና እንደገና ጀመረ።
ማን ነው በልመና ማሳከክ ያስቀረ?

ሽታው ነው አስቀድሞ የነገረኝ ነገሩን፤
ተጠግቼ ባሸት ያን የቀላ ጆሮውን፣
ክዳኑን ረስተው በሐምሌ ያሳደሩት ሊጥ!
አፍንጫዬ ምስክር ነው፣ አሽትቶ አይሸመጥጥ።
ጣቶቹ መካከል ጠጉሩ ዝገት መስሏል፣
ሆዱ ሥር ቆዳው ጠቁሮ እንደ አሮጌ ጫማ ሻክሯል።

ዶክተር ላሪሳ፣ ከኦዴሳ የመጣች፣
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ጆሮውን ገልጣ አየች፤
በጥጥ የጠረገችውን በአጉሊ መነጽር አይታ
«ሽማሪም» አለችኝ፣ ጥቂት ቆይታ።
በእሷ ዕብራይስጥና በእኔ ዕብራይስጥ መካከል
ስንት ቃል ወድቆ ይቀራል።
እኔ «ሾምሪም» መሰለኝ፤ ጠባቂዎች ያለች።
«አዎ፣ ጠባቂ ነው» አልኳት፣
«አሥራ ሦስት ዓመት ደጃችንን ጠብቋል።»
ሳቀች። «ጠባቂ አላልኩህም። እርሾ ነው።»

እርሾ!
ልጄን ያሳደግሁበት፣ ኪራይ የከፈልኩበት፣
ሌሊቱን ሙሉ ሲነፋ አጠገቡ የቆምኩበት፣
ዞሮ መጥቶ የዱቢን ቆዳ ቤቴ ብሎ ተኛበት።

«ድሮም እላዩ ላይ ነበር» አለች፤
«አለርጂው ነው በሩን የከፈተለት፤
አቧራ ይሁን፣ ሣር ይሁን፣ ወይ ዶሮ የበላበት
ገና አላወቅንም።»
«መቼ ይድናል?»
«አይድንም። ይያዛል።»
ይያዛል። እንደ ስኳር፣ እንደ ደም ግፊት፣
እንደ ኩርፍተኛ ጎረቤት።

ዶሮ ቀረ። ዓሣና ድንች ብቻ፤
የከረጢቱ ዋጋ የእኔ የሳምንት አስቤዛ አቻ።
አርብ ማታ አገጩን ጭኔ ላይ ጥሎ
ያየኛል፤ ጉርሻ መንፈግ እንዲህ ይከብዳል ብሎ
የነገረኝ የለም።

ሰኞና ሐሙስ መታጠቢያ ቤት እንገባለን።
አያ ጀምበሩ ከምድር ቤት «ውሻ ታጥባለህ አሉ»
ይለኛል፤ «የውሻ ቦታው ደጅ አይደል እንዴ ውሉ?»
እውነቱን ነው፤ እኔም ውሻ ነክቼ አላውቅም ነበር፣
ኦሽራት በጫማ ካርቶን አምጥታ እስክታስቀምጠው ከበር።

ሻምፖው አሥር ደቂቃ ቆዳው ላይ መቆየት አለበት፤
ቶሎ ካጠቡት ከንቱ ነው፤ ይኸው ነው ያለው ብልሃት።
በርጩማ ላይ ተቀምጬ አረፋውን በብብቱ፣
በጣቶቹ መሐል፣ ከጅራቱ ሥር እስከ አንገቱ
አሻለሁ፤ እጄ የሊጥን ልክ አልረሳም።
ሰዓት አላይም፤ አሥር ደቂቃን ሰውነቴ ያውቃል፤
የተድበለበለ ሊጥ ሳይነካ እንዲያርፍ ይበቃል።
እስከዚያው የመብራቱን ሂሳብ እነግረዋለሁ፣
በዚህ ወር ከሕንጻው ማን እንደሞተ።
ዱቢ ይንቀጠቀጣል። ውኃው ግን ሙቅ ነው።

ከዚያ ማድረቅ። ጊቭአት ኦልጋ ባሕሩ ቅርብ ነው፤
ፎጣው ራሱ አይደርቅ፣ አየሩ ያልተጨመቀ ጨርቅ ነው።
ጣት በጣት እየለየሁ፣ በማራገቢያ፣ በትዕግሥት፤
ጆሮው ውስጥ መድኃኒቱን አፍስሼ ሥሩን ሳሸው
ራሱን ያራግፍና መነጽሬን ያጥበዋል።

ኦሽራት ከኤላት ትደውላለች፤ ሆቴል ነው ሥራዋ።
«አባ፣ ጆሮው እንዴት ነው?» ይህ ነው ሰላምታዋ።
ድሮ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነሽ» ብለን ነበር የምንዘጋው፤
አሁን ግማሽ ሰዓት የጆሮ ኩክ ቀለም እናወራለን፣
ቡናማ ነው ወይስ ቢጫ፣ ጨመረ ወይስ ቀነሰ።
አንድ ቀን መሐል ላይ ወሬው ተበጠሰ፤
«ያንተስ እጅ?» አለች።

እጄን አየሁት። የዱቄት እከክ፣ የፋብሪካው ቅርስ፣
ስንጥቁ እስከ አንጓዬ።
ለካ ታየው ኖሯል፣ ከልጅነቷ ጀምራ።
«ይያዛል» አልኳት።

ዛሬም በዘጠኝ ሰዓት ቆርቆሮው ተንቃጨለ፤
አንዴ። ሁለቴ። ከዚያ ዝም አለ።
አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ
እስኪያንኮራፋ ጠበቅሁ።